አቶ ላቀው ሲያነቡ

አቶ ላቀው የሞቱ ዕለት ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ከደጃፌ ቆማ፣ «እንዲያ ያለ ድምፅ አፈር ይብላው?» አለችኝ።

እኔ ምስር እለቅም ነበር። «አፈር የማይበላው የማንን ድምፅ ነው?» አልኋት።

ደነገጠች። ለቅሶ እንደማልሄድ ገባትና፣ «አይ አንቺ! ለሞተ ሰው እንኳ አይለሰልስልሽም» ብላኝ ብቻዋን ሄደች።

ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው የተወራው ስለ ድምፃቸው ነው። ደብዳቤ ሲያነቡ ሰው ያስለቅሱ እንደ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የግብር ማስጠንቀቂያ እንኳ ምርቃት ይመስል እንደ ነበር። እውነት ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ። እንዲያውም ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጬ የማስታውሳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሰው የወደደውን ይረሳል፣ የቀፈፈውን ግን አይረሳም። ስለ እሳቸው በአንቱታ የምጽፈው አክብሬያቸው አይደለም። ያሳደገችኝ አክስቴ ታላቅ ሰውን «አንተ» ማለት ስላላስተማረችኝ እጄም እንደ አፌ እምቢ ይለኛል።

አቶ ላቀው የፋርጣ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይዘልቁ ወጡ፤ ከቅኔው የቀራቸው ድምፁ ብቻ ነው። ከዚያ ከሲራራ ነጋዴ ጋር አሥመራ ወርደው ብዙ ዓመት ቆዩ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ ከኋላው ተከትለው መጡ። ጠመንጃ አልያዙም። ጠመንጃ ይዞ የመጣ ባንዳ ይታወቃል፤ ሰው ወይ ይሸሸዋል ወይ ያደባበታል። እሳቸው የያዙት ነጭ መሐረብ ነበር። ገበሬውን አቅፈው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ስመው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቀው ይሰናበቱታል። ከዚያ በገበያው ማእዘን ካለው ከቤታችን ግንብ ኋላ ዞር ይሉና መጀመሪያ ከንፈራቸውን፣ ቀጥሎ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብሆን ነው፤ ከዚያ ግንብ ኋላ ተቀምጦ ጥጥ መፈልቀቅ የእኔ ሥራ ነበር። ያዩኛል፣ አያፍሩም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጠቀሱኝ።

ሥራቸው ደግሞ ይህ ነበር። የጣሊያኑ ሹም ከወረታ የሚመጣውን መንገድ አስፍቶ፣ በገበያው ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ አስጨፍጭፎ፣ ግራና ቀኙ በሱቅ ይሞላ ብሎ አዘዘ። የትኛው ቤት ለሱቅ እንደሚበጅ የሚመርጡት፣ ባለቤቱን የሚያግባቡት፣ ተከራዩን ነጋዴ የሚያመጡት አቶ ላቀው ናቸው። ከሁለቱም ወገን ይቀበላሉ።

«አሥመራ ላይ አንድ ጎዳና አለ» ብለው ይጀምራሉ፣ ገበያተኛው ከብቦ ሲሰማቸው። «ግራ ቀኙ መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ሐር። ሲመሽ ሰው ሁሉ ለብሶ አጊጦ ይወጣበታል። ከላይ እስከ ታች ይሄዳል፣ ይመለሳል።»

«ምን ሊገዛ?» አላቸው አንድ የጉና ገበሬ።

«ምንም አይገዛም። ሊያይና ሊታይ።»

«ሥራ የፈታ አገር ነዋ!»

«አንተስ? ታቦት ሲወጣ ምን ልትገዛ ትሄዳለህ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ገበሬውም አብሮ ሳቀ። አቶ ላቀው እንዲህ ናቸው፤ ሰው የሚያከብረውን ነገር ብድግ አድርገው ከሱቅ መስታወት ጎን ያቆሙታል፣ ሰዉም ተወቀስሁ ሳይል ተጫወቱልኝ ይላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቀኝ ኪሳቸው የገብስ ቆሎ ይሞሉና ከአንድ ማእዘን ይቆማሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር አንዲት ፍሬ ወደ ግራ ኪሳቸው ያሻግራሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌላ ማእዘን። የግራ ኪሳቸው አብልጦ የሞላበት ስፍራ ለትልቁ ሱቅ ይታጫል። ብልኀቱ ብልኀት ነው፣ አልነሳቸውም። ነገር ግን ቆጥረው ሲጨርሱ ያንኑ ቆሎ ከግራ ኪሳቸው እያወጡ ይቆረጥሙታል። ከብት ነጂው፣ ከጋይንት የመጣችው ቅቤ ሻጭ፣ ቄሱ፣ እኔም ራሴ፣ ሁላችን በመንጋጋቸው ስንደቅ ከግንቡ ኋላ ይሰማኝ ነበር።

የግራ ኪሳቸው ከሁሉ ይልቅ የሞላው በእኛ ቤት ፊት ነው።

ቤቱ የአክስቴ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እታታ እላታለሁ። የወረታውና የጋይንቱ መንገድ ከሚገናኙበት ማእዘን ላይ ባልዋ አያ ደምሴ በድንጋይ የገነባው ሁለት በር ያለው ቤት ነበር። አያ ደምሴ በአንድ ሳምንት ትኩሳት ሞቶ ተዝካሩ ገና አልወጣም። እታታ ፈትል ፈትላ ታድራለች፤ ለተዝካሩ የሚሆን በሬም እህልም የላትም። ይህንን አቶ ላቀው ያውቁ ነበር። ማን ሠርግ እንዳለበት፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ተዝካር እንደ ዘገየ፣ የሰዉን ችግር ሁሉ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል።

መጡ። መደብ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት መደቡን አዩት፤ ከዚያ መሐረባቸውን ዘርግተው ተቀመጡበት።

«እመይቴ ማንጠግቦሽ፣ ቤትዎ እኮ ዓይን ላይ ነው» አሏት።

«ዓይን ላይ ያለማ ጉድፍ ነው፣ ጌታው። ያወጡታል» አለች እታታ።

ሳቁላት። «አንቱ ጨዋታ ያውቃሉ! አይ፣ የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ቤት እንደ ሰው ነው፤ ፊቱ ካማረ ጀርባውን የሚጠይቅ የለም። አንቱ ከኋላ ባለው ማድ ቤት ይቀመጣሉ፣ ፊቱን ብቻ ለነጋዴው ይሰጡልኛል። አያ ደምሴን የመሰለ ሰው ደግሞ ያለ ተዝካር አይቀርም። አንድ የእብናት ሰንጋ፣ ስድስት ዳውላ ጤፍ፣ አንድ ገንቦ ማር፤ ነገ ከደጅዎ ይደርሳል።»

እታታ ፈትሏን ስታሾር ቆየችና፣ «በወለድ አግድ ከሆነ እሺ» አለች።

ይህን ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው ሲቸግረው ርስቱን በወለድ አግድ ይሰጣል። ያበደረው ሰው በወለዱ ፈንታ በርስቱ ይጠቀማል። ዓመት አይቆጠርበትም፤ ባለርስቱ የተበደረውን በሽማግሌ ፊት በመለሰ ቀን ርስቱ ይመለሳል። አያት ሰጥቶ የልጅ ልጅ ያስመለሰው መሬት አለ። ከዚህ ሌላ ቤትና መሬት ለሰው የሚሰጥበት መንገድ እታታ አታውቅም፤ ኪራይ የበቅሎ ይመስላት ነበር። አቶ ላቀው ግን ሁለቱንም አሳምረው ያውቃሉ።

«እንዴታ! በወለድ አግድ ነው እንጂ» አሏት።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው መጡ። በግራ በኩል የፈረንጅ ጽሕፈት፣ በቀኝ በኩል የእኛ ፊደል። ወረቀቱን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እታታ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ እንደምትቆመው ቆመች።

«እኔ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ» ብለው አነበቡ፣ «ለምወደው ባሌ ለደምሴ ተዝካር ስለ ተቀበልሁት በሬ፣ ጤፍና ማር፣ እሱ በእጁ የገነባውን የማእዘን ቤቴን በወለድ አግድ ሰጥቻለሁ። የተቀበልሁትን በመለስሁ ቀን ቤቴ ይመለስልኛል።»

«ደምሴ» ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ወረድ አለ፣ «በእጁ» ሲሉ ተሰበረ። እታታ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። አውራ ጣቷን በቀለም ነክረው አስፈረሟት፤ ከዚያም ጣቷን ራሳቸው በነጩ መሐረብ ጠረጉላት። «አየሽ ጨዋነት?» አለችኝ ሲሄዱ። እኔ እስከ አጥሩ ተከትያቸው ነበር። መሐረቡን ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም፤ ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት። አንሥቼ አጠብሁት። እንዲያ ያለ ስስ ጨርቅ በቤታችን አልነበረም።

ተዝካሩ ወጣ፤ ካህናቱም በልተው ጠጥተው አያ ደምሴን ፈቱት። እኛ ወደ ማድ ቤቱ ገባን። ከመንገድ ያለውን ግንብ አፈረሱትና ከጎንደር በመኪና፣ በጭድ ተጠቅልሎ የመጣ የሰው ቁመት መስታወት ተከሉበት። የአሥመራው የልብስ ነጋዴ ገባበት። የአያ ደምሴ መደብ በነበረበት ራስ የሌላት የእንጨት ሴት ቀይ ሐር ለብሳ ቆመች። ከእግሯ ሥር የሽቶ ብልቃጥ ተደረደረ። የሐሙሲትና የይፋግ ሰው ሳይቀር ሊያያት መጣ።

«ራሷን ማን ቆረጣት?» ይላል አንዱ።

«ዋጋውን ስትሰማ ወደቀ» ይላል ሌላው።

የሚገዙት መኮንኖቹ ናቸው፤ የሚለብሱት ደግሞ ከየመንደሩ ያስመጧቸው ልጃገረዶች። አንዲት እናት የልጇን ቀሚስ አስቀድማ በእንጨቷ ላይ አይታው እንደ ነበር ለእታታ ስትነግራት ሰምቻለሁ። አቶ ላቀው ማታ ማታ ከመስታወቱ ፊት ይመላለሳሉ፣ ላይ እስከ ታች። የሚያይም የሚታይም እሳቸው ብቻ ናቸው። መስታወቱ ላይ እስትንፋሳቸውን እፍ ብለው በእጅጌያቸው ያሻሹታል፤ ከዚያ ራሳቸውን ያዩበታል።

እታታ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተለች። ጣቷ ከፈትሉ ብዛት ሰንበር አወጣ። ከወንድሟ ጤፍ ለመነች፣ የብር መስቀሏን ሸጠች፣ እብናት ድረስ በእግሯ ሄዳ ሰንጋ ገዛች። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ፣ በሬውን እየሳበች፣ ጤፉን በአህዮች አስጭና፣ የማሩን ገንቦ እኔን አሸክማ፣ ከገዛ ቤቷ ፊት መጣች። በሬው በመስታወቱ ውስጥ ሌላ በሬ አይቶ ቀንዱን ሰበቀ፤ ነጋዴው ከውስጥ ጮኸ። አቶ ላቀው ሳቅ እያሉ ወጡ።

«የሰጡኝን ይኸው» አለች እታታ። «አንድ ሰንጋ፣ ስድስት ዳውላ ጤፍ፣ አንድ ገንቦ ማር።»

«ተረከብህ?» አሏቸው ታላቁ ሽማግሌ።

አቶ ላቀው በሬውን ዞረው አዩት፤ ጥርሱን ከፍተው አዩት። «ተረከብሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። አቶ ላቀው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ በእያንዳንዱ ምርቃት «አሜን» አሉ። ከሁላችን ጮክ ብሎ የተሰማው የእሳቸው አሜን ነው። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ተፈጸመ ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ስንቱን ርስት እንዲያ አስመልሰዋል! ተረከብሁ ብሎ አሜን ያለ ሰው የማይመልስበት ነገር በአገራችን ሰምተው አያውቁም።

«እንግዲህ መቼ ልግባ?» አለች እታታ።

«የት ነው የሚገቡት፣ እመይቴ?»

«ቤቴ ነዋ!»

አቶ ላቀው ወደ መስታወቱ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔማ ዛሬውኑ በገቡልኝ! ፈረንጅ እኮ ወለድ አግድ አያውቅም። እስቲ ትንሽ ይታገሡ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ። ወረቀቱን ብቻ ደኅና አድርገው ይያዙ።»

በሬውን ግን ነዱት። ለሹሙ ግብዣ ታረደ። በማግሥቱ በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ላኩልን፤ «ለእመይቴ ማንጠግቦሽ፣ ከበሬዋ» ብለው። እታታ፣ «ደግ ሰው ናቸው፣ አልረሱኝም። ነገሩን የሚያበላሸው ያ ፈረንጅ ነው» አለችና ወጥ ሠራችው። እኔም በላሁ። ከተዝካሩ ወዲህ ሥጋ አልቀመስንም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። እስከ ዛሬ ሌላውን ሰው ስጸየፍ ይህንን የራሴን አልዘለውም።

ወደ ፊደል ያስገባኝ ያ ወረቀት ነው። ጡቴ አጎጥጉጦ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ከየኔታ እግር ሥር ተቀመጥሁ። «እማማ መጣች!» ይሉኛል ልጆቹ። የኔታ አንድ ዓይናቸው ፈስሷል፤ በሁለተኛውም እምብዛም አያዩም፤ ጆሯቸው ግን አይታለልም። እኛ በሰንበሌጥ እየጠቆምን እንቆጥራለን። አንድ ቀን ቃሉን አስቀድሜ ገምቼ ስጠራው በአርጩሜ መሬቱን መቱት። «ያለውን እንጂ የሌለውን አትጥሪ! የሌለውን የጠራ አንባቢ ከሌባ ይብሳል» አሉኝ። ማንን እንዳሰብሁ አያውቁም ነበር። እኔም ገና ጠርጥሬ ነበር እንጂ አላወቅሁም።

ማንበብ ስችል ወረቀቱን ከእታታ ሙዳይ አወጣሁና በሰንበሌጤ ጀመርሁ። «የማእዘን ቤቴን ለሠላሳ ዓመት አከራይቻለሁ። የኪራዩን ዋጋ አስቀድሜ በሙሉ ተቀብያለሁ። ተከራዩ ቢያፈርስም ቢሠራም፣ ለሌላ ቢያስተላልፍም፣ እኔም ወራሾቼም አንጠይቅም።» ይኸው ነው። ወለድ አግድ የሚል የለም። ይመለስልኛል የሚል የለም። አምስት ጊዜ ፈለግሁ። ደምሴ የሚል ስም እንኳ በወረቀቱ ላይ የለም።

ውሸት የጻፈ ሰው ቢያንስ ቀለም ያወጣል። አቶ ላቀው ግን ዓይናቸው «ሠላሳ ዓመት» የሚለውን እያየ፣ አፋቸው «ባሌ ደምሴ» ይል ነበር፤ ሳይደናቀፉ፣ ትንፋሻቸው ሳይዛነፍ። ድምፃቸው የተሰበረው ባልተጻፈ ቃል ላይ ነው።

ለእታታ አነበብሁላት። ቆማ ሰማችኝ። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምሁት።

«አያ ደምሴ የት አለ?»

«የለም፣ እታታ። አልተጻፈም።»

«እንዴት አይጻፍም? በጆሮዬ ሰምቼ!»

ሦስተኛ አነበብሁላት፣ ሰንበሌጤን ከየፊደሉ ሥር እያስኬድሁ። የሚያሳዝን ነገር እንዳየች ሁሉ ራሴን ዳበሰችኝ። «ገና ነሽ፣ ልጄ። አይዞሽ። የእሳቸውን ያህል ለማንበብ ዕድሜ ይፈልጋል» አለችኝ።

ጣሊያን ሲወጣ ነጋዴው መስታወቱን ነቅሎ፣ እንጨቷን በጭነት መኪና አጋድሞ ሄደ። ቤቱን ለአቶ ላቀው አስተላልፎ ነበር። እሳቸው በማእዘኑ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው አቤቱታ መጻፍ ጀመሩ፤ አሁንም ሰው በብዛት የሚያልፈው በዚያው ነውና። እታታ፣ «እንግዲህ ፈረንጁ ሄዷል፤ ወረቀቴም አለኝ» ብላ ተነሣች። እሳቸው ዘንድ ሄዳ ጠየቀቻቸው። «ወረቀቱን ዳኛ ይየው፣ እመይቴ፤ እኔ በራሴ ጉዳይ እንዴት እፈርዳለሁ?» አሏት በትሕትና። እሷም ሳትቀየማቸው ከሰሰቻቸው። እንዳትሄድ ለመንኋት። «ወረቀቱ ይፈርድብሻል» አልኋት። «አንቺ ባነበብሽው ነዋ!» አለችኝ።

ሸንጎው ሙሉ ነበር። ዳኛው፣ «እኔ የምፈርደው ወረቀቱ ያለውን ነው» አሉና ለጸሐፊው ሰጡት። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ አነበበው። ልክ እኔ እንዳነበብሁት፣ ፊደል ሳይጨምር ሳይቀንስ።

እታታ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ልጁ ይባረክ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ንባቡ ግን ገና አልበሰለም። አቶ ላቀው እዚህ አሉ፤ እሳቸው ያንብቡልኝ።»

ሸንጎው ሳቀ። «ተከሳሹ ያንብብልኝ ነው የምትይው?» አሉ ዳኛው።

«ከእሳቸው ወዲያ አንባቢ አለ?»

ዳኛው እየሳቁ ወረቀቱን አሳለፉላቸው። አቶ ላቀው አልሳቁም። ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት። ጸሐፊው ከትከሻቸው ሥር ሆኖ ወረቀቱን ያያል፣ እኔም ቆሜ አያቸዋለሁ። እሳቸውም አዩኝ። ከዚያ አነበቡ። ያለውን ሁሉ፣ አንድ ፊደል ሳይስቱ፣ በዚያ ድምፅ። «ሠላሳ ዓመት» ከአፋቸው ሲወጣ የዕድሜ ምርቃት ይመስል ነበር። «እኔም ወራሾቼም አንጠይቅም» ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ።

እታታ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቆማ፣ ጆሯን ወደ እሳቸው አዘንብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያበቁ ትንሽ ጠበቀች፤ የቀረ ያለ መስሏት።

«አያ ደምሴስ?» አለቻቸው።

አቶ ላቀው ወረቀቱን አጠፉ። ቀረብ ብለው ክንዷን ደገፍ አደረጉና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እመይቴ፣ አያ ደምሴ እኮ አርፈዋል» አሏት።

ሸንጎው በሙሉ ለአቶ ላቀው ርኅራኄ ከንፈሩን መጠጠ።